ተራ ሰው በተራው ሲገዛ፦ ስለ ጥንታዊት አቴንስ ዴሞክራሲ

እንደምን አመሻችሁ።

በጥንታዊት አቴንስ በየዕለቱ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚፈጸም አንድ ርክክብ ነበር። የከተማይቱ ማኅተም፣ የሕዝቡ ገንዘብና መዛግብት የሚቀመጡባቸው ቤተ መቅደሶች ቁልፍም ከአንድ ሰው እጅ ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው እጅ ይገባል። ተረካቢው ለአንድ ሌሊትና ለአንድ ቀን የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ይሆናል። በማግስቱ ሲመሽ ቁልፉን ለቀጣዩ አስረክቦ ይነሣል፤ ያ ሥልጣን በዕድሜው ሁለተኛ አይደርሰውም። ይህ ሰው ወይራ የሚያለማ ገበሬ ወይም ጫማ ሰፊ ሊሆን ይችላል። የሾመው ዕጣ ነው።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ስለዚህ ዕጣ ነው። አቴንስ ስትነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ፓርቴኖንን፣ ፈላስፎቹን፣ ምናልባትም የምርጫን ጥንተ ታሪክ ነው። እኔ ግን የአቴንስ ዴሞክራሲ ልቡ ምርጫ አልነበረም ብዬ አምናለሁ። ልቡ ተራ ነበር፦ ዛሬ አንተ ታዛለህ፣ እኔ እታዘዛለሁ፤ ነገ እኔ አዛለሁ፣ አንተ ትታዘዛለህ። አርስቶትል ነፃነት አንዱ መልኩ በየተራ መግዛትና መገዛት እንደሆነ ጽፏል። ሹማምንትን በዕጣ መለየት የብዙኃን አገዛዝ ጠባይ፣ በምርጫ መለየት ደግሞ የጥቂቶች አገዛዝ ጠባይ ሆኖ እንደሚታይም እሱ ራሱ ነግሮናል። በምርጫ የሚያሸንፈው ዘወትር ስሙ የታወቀው፣ ሀብት ያለው፣ አንደበቱ የተፈታው ነው። ዕጣ ግን ሰውን አይለይም።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው። ቁጥሩ እያነሰ ሲሄድ ወደ እኛ ዘመን እየቀረብን ነው ማለት ነው።

ነገሩ በአንድ ጊዜ አልተሠራም። በ594 ሶሎን ሹም በነበረበት ዘመን የድሆችን ዕዳ ሰረዘ፤ ሰው ራሱን መያዣ አድርጎ እንዳይበደርም ከለከለ። ከዚያ ወዲህ አቴናዊ ሊደኸይ ይችላል እንጂ በገዛ አገሩ የአበዳሪው ባሪያ አይሆንም። ከዚህ በኋላ አምባገነኖች መጡ፣ ሄዱም። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ508 አካባቢ በክሊስቴንስ ነው።

አቴንስ የምትገኝበት ምድር አቲካ ይባላል። ቀደም ሲል ትላልቅ ቤተሰቦች የየአካባቢያቸውን ሰው ከኋላቸው አሰልፈው የሚሻኮቱበት አገር ነበር፦ የባሕር ዳርቻው ሰው ከአንዱ ጌታ ጋር፣ የሜዳው ሰው ከሌላው ጋር፣ የኮረብታው ሰው ከሦስተኛው ጋር። ክሊስቴንስ በትውልድ ሐረግ የተያያዙትን አራት የቆዩ ነገዶች ከፖለቲካው አስወጣቸውና አሥር አዳዲስ ነገዶች አቆመ። አገሩ 139 ያህል ቀበሌዎች ነበሩት፤ እነሱን ደልድሎ እያንዳንዱ አዲስ ነገድ አንድ ክፍል ከከተማው፣ አንድ ክፍል ከባሕር ዳርቻው፣ አንድ ክፍል ከመሐል አገሩ እንዲይዝ አደረገ። ዓሣ አጥማጁ፣ የከተማው ሸክላ ሠሪና የኮረብታው እረኛ በአንድ ነገድ ተመዘገቡ። ጦርነት ሲመጣ አብረው ይሰለፋሉ፤ ለምክር ቤቱ ሃምሳ ሰው አብረው ይልካሉ። አሥር ጊዜ ሃምሳ፣ አምስት መቶ።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ምክር ቤቱ 500 አባላት አሉት፤ የእያንዳንዱ ነገድ ሃምሳ ሰዎች የዓመቱን አንድ አሥረኛ ተረኛ ሆነው ይሠራሉ። የዓመቱ አሥረኛ 35 ወይም 36 ቀን ነው። በየቀኑ አንድ ሰብሳቢ በዕጣ ይወጣል፤ የወጣለት አይደግምም። እንግዲህ ከሃምሳው 35ቱ ወይም 36ቱ ያንን ቁልፍ ይይዛሉ። በምክር ቤቱ ደግሞ ማንም ሰው በዕድሜው ከሁለት ዓመት በላይ ማገልገል አይችልም፤ ስለዚህ በየዓመቱ አዳዲስ ሰዎች ይገባሉ። ዕድሜያቸው ከሠላሳ ከዘለለው ዜጎች ስንቱ የአገሩን ማኅተም በእጁ ይዞ ያደረ መሆኑን አስቡት። በየመንደሩ፣ በየገበያው ይህን ያደረገ ሰው አለ። ስለ መንግሥት የሚያወራው ከሩቅ ሰምቶ ሳይሆን ሠርቶት ነው።

የነገዱ ነገር ጦርነትና ምክር ቤት ላይ አላበቃም፤ እስከ ዘፈኑ ድረስ ዘልቋል። በየዓመቱ ጸደይ ሲመጣ ለወይን አምላክ ለዲዮኒሶስ በሚከበረው ታላቅ በዓል እያንዳንዱ ነገድ ሃምሳ ወንዶችና ሃምሳ ልጆች ያሉበት መዘምራን ያቀርባል። በድምሩ አንድ ሺህ ዘማሪ፣ በየዓመቱ። የቲያትሩን ውድድር የሚዳኙት አሥር ሰዎችም በዕጣ ይወጣሉ፣ ከየነገዱ አንድ፤ ድምፃቸው ከተሰጠ በኋላ ደግሞ ውጤቱ የሚለየው ከአሥሩ በዕጣ በወጡት ነው። ዳኛን አስቀድሞ መደለል ትርፍ እንዳይኖረው የታሰበ ነው። በ424 የኮሜዲ ጸሐፊው አሪስቶፋኔስ በጊዜው ኃይለኛ የነበረውን ፖለቲከኛ ክሌዮንን በመድረክ ላይ እንደ ውሸታምና እንደ ሌባ አድርጎ አቀረበው፤ አንደኛ ሽልማትም ተሰጠው። ያው ሕዝብ ብዙም ሳይቆይ ክሌዮንን ጄኔራል አድርጎ መረጠው። አንዳንዶች ይህን የሕዝቡ ወላዋይነት ምልክት ያደርጉታል። እኔ እንደማየው ሕዝቡ በሹሙ መሳቅንም ሹሙን ማሠራትንም የራሱ መብት አድርጎ ያየ ነበር።

ጄኔራል ስል ምርጫ የሚባል ነገር ፈጽሞ እንዳልነበረ እንዳይመስላችሁ። ጦርን ለዕጣ አልተዉትም። አሥር ጄኔራሎች በየዓመቱ በእጅ ማውጣት ይመረጡ ነበር፤ ደግሞ መመረጥም ይፈቀዳል፤ ፔሪክልስ ለአሥራ አምስት ዓመታት በተከታታይ ተመርጧል። ይሁንና እሱም በ430 ከሥልጣን ወርዶ በገንዘብ ተቀጥቷል። ሌሎቹ ሹመቶች፣ በመቶዎች የሚቆጠሩት፣ የዕጣ ነበሩ።

«እንግዲያው ሌባና ሰነፍ ቢወጣስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ራሳቸውም ጠይቀውታል። ዕጣ የወጣለት ሰው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ይመረመራል። ከከፍተኛዎቹ ሹማምንት የሚጠየቁትን አርስቶትል በስሙ በሚታወቀው የአቴንስ ሥርዓተ መንግሥት መጽሐፍ ዘግቦልናል፦ አባትህ ማን ነው? ከየትኛው ቀበሌ ነህ? የእናትህ አባትስ? የቤተሰብህ መቃብር የት ነው? ወላጆችህን በደንብ ትይዛለህ? ግብርህን ትከፍላለህ? ዘምተሃል? ከዚያ «ይህን ሰው የሚከስ አለ?» ተብሎ ይጠየቃል። ልብ በሉ፣ ችሎታ አልተጠየቀም። የተጠየቀው ጨዋነት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ሒሳብ አለ። ሹም የነበረ ሰው ሒሳቡን እስኪያወራርድ ከአገር አይወጣም፣ ንብረቱንም መናዘዝ አይችልም። በእኔ አስተያየት ሥርዓቱን ያቆመው ይህ ምርመራ ነው፤ ዕጣው ብቻውን ቢሆን ኖሮ አንድ ትውልድ አይቆይም ነበር።

ወደ ፍርድ ቤቱ እንምጣ፤ የዕጣው ጥበብ በደንብ የሚታየው እዚያ ነው። በየዓመቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆናቸው 6,000 ዜጎች ለፈራጅነት ይመዘገባሉ። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን እያንዳንዱ ስሙ፣ የአባቱ ስምና ቀበሌው የተጻፈበት ትንሽ ሰሌዳ ይይዝ ነበር። ችሎት በሚዋልበት ቀን ጠዋት ሰሌዳዎቹ በረድፍ በረድፍ ቀዳዳ በተበጀለት የቆመ ድንጋይ ላይ ይሰካሉ። በድንጋዩ ጎን ባለ ቱቦ ጥቁርና ነጭ ኳሶች ይጨመራሉ። አንድ ኳስ ሲወድቅ ነጭ ከሆነ የአንድ ረድፍ ሰዎች ሁሉ ይገባሉ፤ ጥቁር ከሆነ ረድፉ በሙሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የዚህ ድንጋይ ስብርባሪ ዛሬም በአቴንስ አጎራ፣ ማለትም በጥንቱ የገበያ አደባባይ፣ ሙዚየም አለ። ሰውየው የትኛውን ጉዳይ እንደሚያይ የሚያውቀው በዚያው ጠዋት ነውና ጉቦ ሰጪ ማንን ፈልጎ ያገኛል? ለትልቅ ጉዳይ 501 ፈራጆች ይቀመጣሉ፤ ለሁሉም ጉቦ መስጠት ደግሞ የማይታሰብ ነው።

በችሎቱ የሕግ ባለሙያ ዳኛ የለም። ከሳሽም ተከሳሽም ራሳቸው ቆመው ይናገራሉ። ጊዜ የሚለካው በውኃ ነው፤ በአጎራ የተገኘ አንድ የሸክላ ማሰሮ ስድስት ሊትር ተኩል ያህል ይይዛል፤ ውኃው ከታች ባለች ቀዳዳ ፈስሶ እስኪያልቅ ስድስት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ክርክሩ ሲያበቃ ፈራጆቹ ሳይመካከሩ ድምፅ ይሰጣሉ። ለዚሁ የተሠሩ ሁለት የነሐስ ድምፅ መስጫዎች ነበሩ፤ የአንዱ ዘንግ ክፍት፣ የሌላው ድፍን ነው። ዘንጉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል ሸፍኖ የያዘ ሰው ለማን እንደፈረደ ጎረቤቱ አያይበትም። ለዚህ ውሎ ኦቦል ከሚባለው ትንሽ የብር ሳንቲም ሦስት ይከፈላል፤ የአንድ ግንበኛ የቀን ደመወዝ ግማሽ ማለት ነው። ባለጸጎች በዚህች ክፍያ ብዙ አፊዘዋል። ነገር ግን ያለ እሷ ድሃው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መፍረድ አይችልም ነበር።

ድሃው ይህን ድርሻ በችሮታ አላገኘውም። በ483 አካባቢ በላውሪዮን የብር ማዕድን ትልቅ ሀብት ሲገኝ ለዜጎች ይከፋፈል ተባለ፤ ቴሚስቶክልስ ግን የጦር መርከብ ይሠራበት ብሎ አሳመነ። አንድ መርከብ 170 ቀዛፊ ይፈልጋል። የቀዘፉት አብዛኞቹ ከክንዳቸው በቀር ሀብት የሌላቸው ሰዎች ነበሩ። በ480 በሳላሚስ የፋርስን ባሕር ኃይል ድል ሲያደርጉ የአቴንስ ኅልውና በማን ላይ እንደቆመ ሁሉም አየ። በ462 ኤፊያልቴስ የመኳንንቱን የአርዮስፋጎስን ጉባኤ ሥልጣን ገፎ ለምክር ቤቱ፣ ዜጎች ሁሉ ለሚሰበሰቡበት ሕዝባዊ ጉባኤና ለፍርድ ቤቶቹ ያከፋፈለው ከዚህ በኋላ ነው። እሱን ብዙም ሳይቆይ ገደሉት። ሥራውን ግን መመለስ አልቻሉም።

እስካሁን የነገርኳችሁ የሚያስደስተውን ነው፤ እኔም ስናገረው ደስ እያለኝ ነው። ግን ያው ላውሪዮን ሌላ ታሪክ አለው። ብሩን ከመሬት ውስጥ የሚያወጡት ባሮች ነበሩ። ጄኔራሉ ኒኪያስ አንድ ሺህ ባሮቹን ለማዕድኑ ሥራ በቀን በነፍስ ወከፍ አንድ ኦቦል ያከራይ እንደነበር ዜኖፎን ጽፏል። የሳላሚስ መርከቦች የተሠሩት ከዚያ ጉድጓድ በወጣ ብር ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን «የዘመኑ ነገር ነው» ብለን እናልፈው ነበር፤ ባርነት በጊዜው ያልነበረበት የግሪክ ከተማ የለም። በአቴንስ ግን ነገሩ ከዕጣው ጋር የተቆራኘ ነው፤ እስቲ በትዕግሥት ስሙኝ። ሹሙ በየዓመቱ፣ ሰብሳቢው በየቀኑ የሚለወጥ ከሆነ ዘላቂውን ሥራ ማን ይሠራዋል? መዝገቡ የት እንደተቀመጠ ማን ያውቃል? ሐሰተኛ ገንዘብ ማን ይለያል? መልሱ፦ የከተማዋ ባሮች። ለሕዝብ በተገዙ ሰዎች ነበር የሚሠራው። በእኛው ዘመን፣ በ1970 እ.ኤ.አ.፣ በአጎራው በተደረገ ቁፋሮ የተገኘ በእብነ በረድ ላይ የተቀረጸ ሕግ አለ፤ የወጣው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ375 ነው። በገበያው መሐል አንድ የሕዝብ ባሪያ ተቀምጦ የብር ገንዘብ እንዲመረምር ያዛል። ውስጡ ነሐስ ሆኖ በብር የተለበጠ ካገኘ ይቆርጠዋል። ባሪያው ትክክለኛ ነው ያለውን ገንዘብ አልቀበልም ያለ ነጋዴ የዚያ ቀን ሸቀጡ ይወረሳል። ባሪያው ራሱ ሥራውን በሕጉ መሠረት ካልሠራ ግን ሃምሳ ጅራፍ ይገረፋል።

ይህን ሕግ ባነበብኩ ቁጥር ይከብደኛል። የከተማዋ ንግድ በሙሉ በዚህ ሰው ዓይንና ጣት ላይ ቆሟል፤ ነፃው ነጋዴ ለቃሉ ይታዘዛል፤ እሱ ግን ሰው ተብሎ አይቆጠርም። ሥርዓት የሚያስከብሩት ሦስት መቶ እስኩቴሳውያን ቀስተኞችም የተገዙ ባሮች ነበሩ። ዜጋ በዜጋ ላይ እጁን እንዳያነሣ ያንን ሥራ ለባሪያ ሰጡት። ዕውቀት ሥልጣን እንዳይሆንባቸው አዋቂውን መብት አልባ አደረጉት። በዜጎች መካከል ያለው እኩልነት እንዳይዛነፍ የተከፈለው ዋጋ ይህ ነው። ከፋዮቹ ደግሞ ድምፅ ያልነበራቸው ናቸው።

ሴቶች በጉባኤ አይናገሩም፣ በችሎትም አይፈርዱም። ክብር የነበራቸው በአምልኮው ነበር፦ ሊሲማኬ የምትባለው የከተማዋ አምላክ የአቴና ካህን ስልሳ አራት ዓመት አገልግላለች፤ ወንዶቹ ሹማምንት በየዓመቱ በሚለወጡባት ከተማ። ከውጭ መጥተው የሚኖሩት መጻተኞች ደግሞ ግብር ይከፍላሉ፣ ይዘምታሉ፣ መሬት ግን አይገዙም፣ ድምፅም የላቸውም። አርስቶትል ራሱ መጻተኛ ነበር። በአክሮፖሊስ የኤሬክቴዮን ቤተ መቅደስ ሲሠራ የተቀረጸውን የክፍያ መዝገብ ብታዩት ዜጋው፣ መጻተኛውና ባሪያው ለአንድ ዓይነት ሥራ እኩል አንድ ድራክማ፣ ማለትም ስድስት ኦቦል፣ ተጽፎላቸዋል። በሥራ ቦታ እኩል ናቸው፤ ጉባኤ ወደሚደረግበት ወደ ፕኒክስ ኮረብታ የሚወጣው ግን አንዱ ብቻ ነው።

በሩን ያጠበበው ደግሞ ፔሪክልስ ነው። በ451 ባቀረበው ሕግ ከእናትም ከአባትም አቴናዊ ያልሆነ ዜጋ አይሆንም ተባለ። ሕጉ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሁለቱ ልጆቹ በወረርሽኙ ሞቱበት፤ የቀረው ልጁ ከሚሊጢን ከመጣችው ከአስፓሲያ የተወለደው ነበርና በአባቱ ሕግ ባዕድ ነው። ሕዝቡ አዝኖለት ልጁን ዜጋ አደረገለት። ስሙም እንደ አባቱ ፔሪክልስ ነው፤ አድጎ ጄኔራል ሆነ። በ406 በአርጊኑሳይ ደሴቶች አጠገብ በተደረገው የባሕር ጦርነት ካሸነፉት ጄኔራሎች አንዱ እሱ ነበር።

ከድሉ በኋላ ማዕበል ተነሥቶ በተሰበሩት መርከቦች ላይ የተንጠለጠሉትን ወታደሮች ማንሣት ሳይቻል ቀረ። ከተማዋ በኀዘን አበደች። በጦርነቱ የነበሩት ስምንት ጄኔራሎች ለየብቻ ሳይሆን በአንድ ላይ፣ በአንድ የድምፅ አሰጣጥ ይፈረድባቸው የሚል ሐሳብ ቀረበ። ይህ ከሕግ ውጭ ነበር። አንዳንዶች ሲቃወሙ ሕዝቡ የፈለገውን እንዳያደርግ የሚከለክለው ማን ነው የሚል ጩኸት ተነሣ። በዚያ ቀን በዕጣ ተረኛ ከሆኑት የምክር ቤት አባላት መካከል የሶፍሮኒስኮስ ልጅ ሶቅራጥስ ነበር። ሌሎቹ ፈርተው ተስማሙ፤ እሱ ብቻ ከሕግ ውጭ አላደርግም አለ። አልሰሙትም። ሁለቱ ጄኔራሎች አስቀድመው ሸሽተው ነበርና በከተማው የነበሩት ስድስቱ ተገደሉ፤ አንዱ የፔሪክልስ ልጅ ነው። ብዙም ሳይቆይ አቴናውያን ተጸጸቱ፤ ያሳቷቸውንም ሰዎች ለፍርድ ጠሩ። ዕጣ አንድ ጻድቅ ሰው በትክክለኛው ቀን በትክክለኛው ወንበር ላይ አስቀምጦላቸው ነበር፤ ያን ቀን ግን ያ አልበቃም።

በ404 አቴንስ በስፓርታ ተሸነፈች፤ ሠላሳ ሰዎች ሥልጣን ያዙ። በስምንት ወር ገደማ 1,500 ሰው ያህል ገደሉ። ከገደሏቸው አንዱ ፖሌማርኮስ የተባለ መጻተኛ ነው፤ ከወንድሙ ከሊስያስ ጋር በፒሬዎስ ወደብ የጋሻ ፋብሪካ ነበራቸው። ሊስያስ አምልጦ ወጣ፤ ትራሲቡሉስ ለሚመራቸው ዴሞክራቶችም ገንዘብና ሁለት መቶ ጋሻ ሰጠ። በ403 የተሰደዱት ዴሞክራቶች አሸንፈው ተመለሱ። ያኔ ያደረጉት ነገር እስካሁን ያስደንቀኛል፦ ያለፈውን በደል ላለማንሣት ማሉ። ከዋነኞቹ ጥፋተኞች በቀር ማንም እንዳይከሰስ ወሰኑ። ሠላሳዎቹ ዴሞክራቶቹን ሊወጉበት ከስፓርታ የተበደሩትን ገንዘብ እንኳ ከተማዋ በጋራ ከፈለችው። አባቱን የገደሉበት ሰው ለገዳዮቹ ዕዳ አዋጣ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ትራሲቡሉስ አብረውን የተዋጉት ሁሉ ዜጋ ይሁኑ ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ መጻተኛውም፣ ባሪያውም። አርኪኑስ የተባለው ሰው ደግሞ ሥርዓቱን አልጠበቀም ብሎ ከሰሰና አሻረው። ያው አርኪኑስ የይቅርታውን መሐላ ከማንም በላይ ያስከበረ ሰው ነው። ሊስያስ መጻተኛ ሆኖ ቀረ። ቀሪ ዘመኑን የኖረው ለሌሎች የችሎት ንግግር እየጻፈ ነው፤ ዜጎቹ የሱን ቃል አጥንተው በፈራጆቹ ፊት ይናገሩት ነበር። ጠላትን ይቅር ያለ ጉባኤ ወዳጁን በደጅ ተወው። ከአቴንስ ታሪክ ሁሉ ለእኔ ከባዱ ይህ ዓመት ነው፤ ታላቅነቷም ድንበሯም በአንድ ላይ ይታዩበታል።

ሥርዓቱ ከዚያ በኋላ ሰማንያ ዓመት ያህል ጸንቶ ቆየ። የፈረሰው በመቄዶንያ ጦር ነው። በ322 የመቄዶንያው ገዥ አንቲፓትሮስ ሲያሸንፋቸው ጉባኤውን አልዘጋም፤ 2,000 ድራክማ የሚያወጣ ንብረት የሌለው ሰው የፖለቲካ መብት የለውም አለ። ዘጠኝ ሺህ ሰው ቀረ። ከዚያ የሚበልጠው ሕዝብ፣ አያቶቹ በሳላሚስ የቀዘፉት ድሃ፣ ተባረረ፤ ለወደደም በትራቄ መሬት ቀረበለት። በ318 አጋጣሚ ሲያገኙ ተመልሰው መጡ። በ317 የአንቲፓትሮስ ልጅ ካሳንድሮስ ገደቡን በ1,000 ድራክማ ላይ አድርጎ መልሶ ጣለው።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።